ጋልቬስተን፡- በአንድ ሌሊት የፈረሰችው የወደብ ከተማ

ዕለቱ ቅዳሜ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ ጳጉሜን 3 ቀን 1892 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ዕለት ማለዳ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የምትገኘው የጋልቬስተን ከተማ ነዋሪዎች ከወትሮው ከፍ ብሎ የሚመጣውን ማዕበል ለመመልከት ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርደው ነበር። ሕፃናት በዝቅተኛ መንገዶች ላይ በተኛው ውኃ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። በማግስቱ እሁድ ፀሐይ ስትወጣ ግን የከተማዋ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ክፍል ከምድረ ገጽ ጠፍቷል። በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ሕይወታቸው አልፏል።

በጋልቬስተን የሞቱት ሰዎች ትክክለኛ ቁጥር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ግምቶች ከ6 ሺህ እስከ 12 ሺህ የሚደርሱ ሲሆን፣ በብዙዎች ዘንድ የሚጠቀሰው አኃዝ 8 ሺህ ነው። አደጋው ከደረሰ ከመቶ ዓመታት በላይ ቢያልፉም በሰው ሕይወት ላይ ባደረሰው ጥፋት በአሜሪካ ታሪክ ከተመዘገቡት የተፈጥሮ አደጋዎች ሁሉ ቀዳሚውን ሥፍራ እንደያዘ ይገኛል።

የጋልቬስተን ታሪክ የሚነገረው ግን በሟቾች ቁጥር ብዛት ብቻ አይደለም። ከተማዋ አደጋው ሊደርስባት እንደሚችል የሚያመለክቱ ምልክቶች ነበሯት፤ ምልክቶቹን የተረዱ ባለሙያዎችም ነበሩ። ማስጠንቀቂያው በወቅቱ ሊሰማ ያልቻለበት ምክንያትና ከጥፋቱ በኋላ የተወሰደው እርምጃ አደጋን ለመከላከል ለሚሠሩ ወገኖች ሁሉ ትምህርት ሆኖ ቆይቷል።

የበለጸገችው ደሴት

ጋልቬስተን ከሂውስተን ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በምትገኝ ጠባብ የአሸዋ ደሴት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የደሴቲቱ ርዝመት 43 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ስፋቷ ሰፊ በሆነው ቦታ እንኳ ከ5 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በስተደቡብ ባሕረ ሰላጤው፣ በስተሰሜን ደግሞ ከዋናው የብስ የሚለያት የጋልቬስተን የባሕር ወሽመጥ ያዋስኗታል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጋልቬስተን በአሜሪካ ከሚገኙ ታላላቅ የጥጥ መላኪያ ወደቦች አንዷ ነበረች። ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና የጥጥ ነጋዴዎች ከትመውባት ስለነበር ዋናው የንግድ ጎዳናዋ በኒውዮርክ ከሚገኘው ዎል ስትሪት ጋር ይነጻጸር ነበር። ስልክንና የኤሌክትሪክ መብራትን በማስገባት ከቴክሳስ ከተሞች ቀዳሚ ነበረች። በ1900 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር ወደ 38 ሺህ ይጠጋ ነበር።

ይህች የበለጸገች ከተማ አንድ መሠረታዊ ድክመት ነበረባት። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው የመሬቷ ከፍታ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ በከተማዋ ከሁሉም ከፍ ያለው ቦታ እንኳ 2.7 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ማዕበልን የሚመክት ግንብም ሆነ ሌላ መከላከያ አልነበራትም። ከየብሱ ጋር የሚያገናኟት በባሕሩ ወሽመጥ ላይ የተዘረጉ ድልድዮች ብቻ ነበሩ።

የታወቀ፣ ግን ያልተሰማ አደጋ

የጋልቬስተን ነዋሪዎች አደጋው ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም ነበር። በዚያው በቴክሳስ ዳርቻ፣ ከጋልቬስተን በስተደቡብ ምዕራብ ትገኝ የነበረችው ኢንዲያኖላ የተባለች የወደብ ከተማ በ1875 በአውሎ ነፋስ ክፉኛ ተጎድታ እንደገና ብትሠራም፣ በ1886 በደረሰባት ሁለተኛ አደጋ ወድማ ነዋሪዎቿ ትተዋት ሄደዋል። የኢንዲያኖላን ዕጣ የተመለከቱ የጋልቬስተን ታዋቂ ሰዎች የባሕር መከላከያ ግንብ እንዲሠራ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ይሁን እንጂ ሐሳቡ በወጪው ምክንያትና አደጋው ጋልቬስተንን አይነካም በሚል እምነት ተግባራዊ ሳይሆን ቀርቷል።

ይህን እምነት ካጠናከሩት መካከል በከተማዋ የአሜሪካ የአየር ትንበያ ቢሮ ቅርንጫፍ ኃላፊ የነበሩት አይዛክ ክላይን ይገኙበታል። ባለሙያው በ1891 በከተማዋ ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ጋልቬስተን በአውሎ ነፋስ ከባድ ጉዳት ሊደርስባት ይችላል የሚለው ሥጋት መሠረተ ቢስ መሆኑን ገልጸው ነበር። ባሕሩ በዳርቻው አካባቢ ጥልቀት ስለሌለው የማዕበሉን ኃይል ይቀንሰዋል የሚል ግምት ነበራቸው።

እውነታው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከባድ አውሎ ነፋስ የባሕሩን ውኃ ወደ የብስ እየገፋ ሲያመጣ፣ ጥልቀት ባለው ባሕር ውስጥ ውኃው ወደታች ተመልሶ የሚሄድበት ሥፍራ ያገኛል። በጠለል ዳርቻ ግን መውጫ የሚያጣው ውኃ እየተከመረ ወደ የብሱ ይወጣል። በአውሎ ነፋስ ወቅት አብዛኛውን ሕይወት የሚያጠፋው የነፋሱ ፍጥነት ሳይሆን በዚህ መንገድ የሚመጣው የባሕር ሙላት መሆኑን የዘርፉ ባለሙያዎች ያስረዳሉ።

አውሎ ነፋሱ ከየት መጣ?

በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሱት ኃይለኛ አውሎ ነፋሶች ወይም ሃሪኬኖች ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከሞቃት የባሕር ውኃ ነው። የባሕሩ ገጽታ ሙቀት ከ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ከውኃው የሚነሳው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ደመናነት ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል። ሙቀቱ አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ከሥር የሚቀረው ዝቅተኛ የአየር ግፊትም ከዙሪያው ነፋስ ይስባል። የመሬት መሽከርከር ነፋሱን እያሾረ ግዙፍ አዙሪት ይፈጥረዋል።

የእነዚህ አውሎ ነፋሶች ጅማሬ ከአፍሪካ አህጉር ጋር የተያያዘ መሆኑን ጥናቶች ያመለክታሉ። በክረምት ወራት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አፍሪካን አቋርጠው የሚጓዙ የአየር ሞገዶች አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሲደርሱ አንዳንዶቹ ወደ አውሎ ነፋስነት ያድጋሉ። ከእነዚህ ሞገዶች የተወሰኑት የሚነሱት በሱዳን የዳርፉር ተራሮችና በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች አካባቢ ነው። በክረምት ዝናብ ወቅት በአካባቢያችን ሰማይ ላይ የሚታየው የአየር ጠባይ ከውቅያኖስ ማዶ ካለው ጋር የተሳሰረ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ጋልቬስተንን የመታው አውሎ ነፋስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በነሐሴ ወር መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1900 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነበር። አውሎ ነፋሱ የካሪቢያን ደሴቶችን አቋርጦ በሴፕቴምበር ወር የመጀመሪያ ቀናት በኩባ ላይ ከባድ ዝናብ አውርዷል። በዚያን ጊዜ ኃይሉ ገና አልበረታም ነበር።

ወሳኙ ስህተት የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በሃቫና የሚገኙ የኩባ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች በአውሎ ነፋስ ትንበያ የረጅም ዓመታት ልምድ ነበራቸው። አውሎ ነፋሱ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ወደ ቴክሳስ ሊያመራ እንደሚችልም ገምተው ነበር። በዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ የአየር ትንበያ ቢሮ በበኩሉ አውሎ ነፋሱ ወደ ሰሜን ታጥፎ በፍሎሪዳ በኩል ወደ አትላንቲክ ይመለሳል የሚል ትንበያ አወጣ።

ኩባ በ1898 ከተካሄደው የአሜሪካና የስፔን ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች። የቢሮው ኃላፊ ዊሊስ ሙር የኩባ ባለሙያዎች ሕዝቡን ያለአግባብ ያስደነግጣሉ የሚል አቋም ስለነበራቸው፣ የአየር ሁኔታ መረጃ ከኩባ በመንግሥት የቴሌግራፍ መሥመሮች እንዳይተላለፍ እገዳ እንዲጣል አድርገው ነበር። በዚህ ምክንያት ትክክለኛውን አቅጣጫ የገመቱት ባለሙያዎች ድምፅ ለጋልቬስተን ሕዝብ ሳይደርስ ቀርቷል። መርከቦች በወቅቱ የሬዲዮ መገናኛ ስላልነበራቸው፣ በባሕረ ሰላጤው ላይ ከአውሎ ነፋሱ ጋር የተጋፈጡ መርከበኞችም ያዩትን ለየብስ ማስታወቅ አልቻሉም። አውሎ ነፋሱ በሞቃቱ የባሕረ ሰላጤ ውኃ ላይ እየተጓዘ እጅግ ኃይለኛ ወደሆነ ደረጃ ያደገው በእነዚህ ቀናት ነበር።

የቅዳሜው ውሎ

አርብ ሴፕቴምበር 7 ቀን በጋልቬስተን የማስጠንቀቂያ ባንዲራ ተሰቀለ። ይሁንና ሰማዩ ያን ያህል አስፈሪ ስላልነበረ አብዛኛው ሕዝብ የዕለት ሥራውን ቀጠለ። ቅዳሜ ማለዳ ነፋሱ ከሰሜን ወደ ባሕሩ እየነፈሰ ሳለ የባሕሩ ውኃ በተቃራኒው ወደ ከተማዋ ይገፋ ነበር። ነፋስን ተቃርኖ የሚያድግ ማዕበል ያልተለመደ ምልክት መሆኑን የተረዱት ክላይን፣ በኋላ በጻፉት ማስታወሻ እንደገለጹት፣ በዳርቻው እየዞሩ ሰዎች ወደ ከፍተኛ ቦታ እንዲሄዱ አሳስበዋል።

ጊዜው ግን አልፎ ነበር። የሰሜኑ ነፋስ የወሽመጡን ውኃ ከኋላ፣ ማዕበሉ ደግሞ የባሕረ ሰላጤውን ውኃ ከፊት እያመጡ ደሴቲቱን ከሁለት አቅጣጫ አጥለቀለቋት። ከሰዓት በኋላ ድልድዮቹ ተሰበሩ፤ የቴሌግራፍና የስልክ መሥመሮችም ተቋረጡ። ከተማዋ ከውጭው ዓለም ጋር የነበራት ግንኙነት በሙሉ ተበጠሰ።

የነፋስ ፍጥነት መለኪያው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከመዘገበ በኋላ ራሱ በነፋሱ ተወሰደ። የነፋሱ ፍጥነት ከዚያ በኋላ በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ እንደነበር ባለሙያዎች ይገምታሉ። ከዓመታት በፊት በከተማዋ ከባድ ቃጠሎ ደርሶ ስለነበር ቤቶች እሳት በማይበላው የድንጋይ ንጣፍ እንዲከደኑ ተደርጎ ነበር። ለእሳት መከላከያ የታሰበው ይህ ክዳን በነፋሱ እየተነቀለ እንደ ስለት ሲወረወር ብዙ ሰዎችን ገድሏል።

ክላይን ባቀረቡት ሪፖርት መሠረት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነፋሱ አቅጣጫውን ሲቀይር የባሕሩ ውኃ በአራት ሴኮንድ ውስጥ 1.2 ሜትር ያህል ከፍ አለ። በአጠቃላይ የባሕሩ ሙላት ከ4.5 ሜትር በላይ ደርሷል። ከፍተኛው ቦታዋ 2.7 ሜትር በሆነች ደሴት ላይ ይህ ማለት ደረቅ መሬት አልነበረም ማለት ነው።

በዳርቻው የነበሩት ቤቶች በመጀመሪያ ፈረሱ። የፈረሱት ቤቶች እንጨትና ግንድ በማዕበሉ እየተገፋ ቀጣዮቹን ቤቶች መታ፤ እነዚያም ሲፈርሱ ፍርስራሹ እየጨመረ ወደ መሐል ከተማ ገሰገሰ። በመጨረሻ የፍርስራሹ ክምር እንደ ግድግዳ ሆኖ በመቆም ከበስተጀርባው የቀረውን የከተማ ክፍል ከማዕበሉ ጋርዶታል። የክላይን መኖሪያ ቤት ጠንካራ ነው ተብሎ ስለታመነ 50 ያህል ሰዎች ተጠልለውበት ነበር። ቤቱ በፍርስራሹ ተመትቶ ሲናድ አብዛኞቹ ሞቱ፤ ከሟቾቹም መካከል የክላይን ባለቤት ይገኙበታል። እርሳቸው፣ ወንድማቸውና ሦስት ሴት ልጆቻቸው በፍርስራሹ ላይ ሌሊቱን ተንሳፍፈው ተርፈዋል።

በባሕሩ ዳርቻ በሚገኘው የቅድስት ማርያም የሕፃናት ማሳደጊያ የደረሰው አደጋ ደግሞ እስከ ዛሬ ይታወሳል። በማሳደጊያው 10 መነኮሳይትና 93 ሕፃናት ነበሩ። መነኮሳይቱ ውኃው ሲጨምር ሕፃናቱን ሰብስበው እያዘመሩ አረጋጉ፤ በኋላም እንዳይለያዩ በማሰብ ሕፃናቱን በልብስ ማስጫ ገመድ ከራሳቸው ጋር አሰሩ። ሕንፃው ሲፈርስ 10ሩም መነኮሳይትና 90 ሕፃናት ሞቱ። በሕይወት የተገኙት ከዛፍ ላይ የተንጠለጠሉ ሦስት ወንዶች ልጆች ብቻ ነበሩ። መነኮሳይቱ አባል የነበሩበት ማኅበር በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8 ቀን ያንኑ መዝሙር በመዘመር መታሰቢያቸውን ያከብራል።

ከአደጋው ማግስት

እሁድ ማለዳ ሰማዩ ጠርቶ ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ከ3 ሺህ 600 በላይ ቤቶች ወድመዋል። ከጉዳት ያመለጠ ሕንፃ ማግኘትም አዳጋች ነበር። ከተማዋ ለውጭው ዓለም የምታስታውቅበት መንገድ ስላልነበራት፣ ጥቂት መልእክተኞች ከጥፋቱ በተረፈች አነስተኛ መርከብ ወሽመጡን ተሻግረው ወደ ሂውስተን አመሩ። ለቴክሳስ ገዢ ጆሴፍ ሴየርስና ለፕሬዚዳንት ዊሊያም ማኪንሊ ቴሌግራም የተላከው ሰኞ ሴፕቴምበር 10 ቀን ከመንጋቱ በፊት ነበር። መልእክተኞቹ የሟቾቹ ቁጥር 500 ይደርሳል ሲሉ የሰሙት ወገኖች ተጋንኗል ብለው አስበው እንደነበር ይነገራል።

የበጋው ሙቀት ገና ስላልበረደ ሬሳዎችን ማንሳት አስቸኳይ ሆነ። መጀመሪያ ወደ 700 የሚጠጉ ሬሳዎች በጭነት ጀልባ ተወስደው ባሕር ውስጥ ተጣሉ፤ ማዕበሉ ግን መልሶ ወደ ዳርቻው አመጣቸው። ከዚያ በኋላ ሬሳዎቹ በተገኙበት ሥፍራ ከፍርስራሹ እንጨት ጋር እንዲቃጠሉ ተወሰነ። እሳቱ ለሳምንታት ሳይጠፋ ቆይቷል። ቤተሰቦቻቸውን ፈልገው ያላገኙ በርካታ ሰዎች መቃብር እንኳ ሳያውቁላቸው ቀርተዋል።

በዚህ ከባድ ሥራ ላይ ጥቁር አሜሪካውያን በጠመንጃ አፈሙዝ እየተገደዱ እንዲሰማሩ ተደርገዋል። በዘመኑ የነበረው የዘር መድልዎ በአደጋው ወቅት እንኳ አልተገታም። አንዳንድ ጋዜጦች ጥቁሮች ሬሳ ይዘርፋሉ የሚል የተጋነነ ወሬ ሲያሰራጩ፣ ቤተሰቦቻቸውን ያጡት ጥቁር ነዋሪዎች ከተማዋን በማጽዳት የከፈሉት መሥዋዕትነት ለረጅም ጊዜ ተገቢውን ሥፍራ ሳያገኝ ቆይቷል።

የአሜሪካ ቀይ መስቀል መሥራች ክላራ ባርተን በ78 ዓመት ዕድሜያቸው ወደ ጋልቬስተን በመምጣት ለተጎጂዎች ዕርዳታ አስተባብረዋል። ይህም በአደጋ ሥፍራ ተገኝተው የመሩት የመጨረሻ ታላቅ የዕርዳታ ሥራ ሆኗል።

ግንቡና ከፍ የተደረገችው ከተማ

ብዙዎች ጋልቬስተን እንደ ኢንዲያኖላ ትተዋለች ብለው ገምተው ነበር። ነዋሪዎቿ ግን ከተማቸውን ላለመልቀቅ ወሰኑ። ሄንሪ ሮበርት፣ አልፍሬድ ኖብልና ሄንሪ ሪፕሊ የተባሉ ሦስት መሐንዲሶች ተመርጠው ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን ያካተተ ዕቅድ አቀረቡ። ከሦስቱ መሐንዲሶች ጡረተኛው ጄኔራል ሮበርት በተለያዩ አገሮች የሚሠራበትን የስብሰባ አመራር ሥነ ሥርዓት ደንብ በመጻፍም ይታወቃሉ።

የመጀመሪያው ሥራ የባሕር መከላከያ ግንብ ነበር። ለግንባታው የሚያስፈልገው 1.5 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ ሽያጭ የተሰበሰበ ሲሆን፣ ሁሉን ያጡት ነዋሪዎች ራሳቸው ከገዢዎቹ መካከል ነበሩ። በ1902 ተጀምሮ በ1904 የተጠናቀቀው የመጀመሪያው ክፍል ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት፣ 5.2 ሜትር ከፍታና ከመሠረቱ ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ነበረው። የግንቡ ፊት ወደ ውስጥ የጎበጠ ሆኖ የተሠራው ማዕበሉን ወደ ላይና ወደ ኋላ እንዲመልሰው ነው። በተከታታይ በተደረጉ ማስፋፊያዎች የግንቡ ርዝመት ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል።

ሁለተኛው ሥራ ከተማዋን ራሷን ከፍ ማድረግ ነበር። ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሕንፃዎች በእጅ በሚሽከረከሩ ክሪኮች ከመሠረታቸው እየተነሱ፣ ከሥራቸው ከባሕር ወለል የተቆፈረ አሸዋ ከውኃ ጋር ተደባልቆ በቧንቧ ተሞላ። የቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን 3 ሺህ ቶን ክብደት ያለው ሕንፃ በ700 ክሪኮች 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ተደርጓል። የውኃ፣ የጋዝና የፍሳሽ መሥመሮች፣ የባቡር ሐዲዶችና መንገዶችም እንዲሁ ከፍ ተደርገዋል። የቤት ማንሻውን ወጪ የሸፈኑት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ሥራው እስከ 1911 የቀጠለ ሲሆን፣ ነዋሪዎች በእነዚያ ዓመታት ከጭቃው በላይ በተዘረጋ የእንጨት መረማመጃ ላይ ይመላለሱ ነበር። ጨዋማው አሸዋ ዛፎቹን ስላደረቃቸው የከተማዋ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ዛፎችና አበቦች እንደገና ተክለዋል።

የሥራው ውጤት የተፈተነው በ1915 ነበር። በዚያ ዓመት ከ1900ው ጋር የሚነጻጸር ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ጋልቬስተንን መታ። በግንቡ የተከለለው የከተማ ክፍል ጉዳት ቢደርስበትም አልወደመም፤ የሟቾቹም ቁጥር ከ15 ዓመት በፊት ከነበረው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

የቀረው ትምህርት

ጋልቬስተን ሕይወቷን ብታተርፍም የቀድሞ ቀዳሚነቷን አላገኘችም። በ1901 መጀመሪያ በቴክሳስ ስፒንድልቶፕ በተባለ ሥፍራ ከፍተኛ የነዳጅ ዘይት ክምችት ተገኘ። በ1914 ደግሞ ሂውስተንን ከባሕር ጋር የሚያገናኘው ጥልቅ የመርከብ መተላለፊያ በመከፈቱ ንግዱ ወደ ሂውስተን ዞረ። በ2020 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ሂውስተን 2.3 ሚሊዮን ነዋሪዎች ሲኖሯት ጋልቬስተን የነበሯት 53 ሺህ ያህል ነው።

አይዛክ ክላይን ወደ ኒው ኦርሊንስ ተዛውረው አውሎ ነፋስን ማጥናት ቀጥለዋል። በተለይ አውሎ ነፋስ የሚያስከትለውን የባሕር ሙላት በመመርመር በ1926 መጽሐፍ አሳትመዋል። በ1891 ሥጋቱን መሠረተ ቢስ ያሉት ባለሙያ፣ በኋላ አደጋው የሚመጣው ከባሕሩ መሆኑን ለማስረዳት ሠርተዋል።

ግንቡም ቢሆን ለሁሉም አደጋ ዋስትና እንዳልሆነ በ2008 ታይቷል። በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር ወር የመጣው አይክ የተባለው አውሎ ነፋስ ግንቡን ሳያልፍ ከበስተጀርባ ባለው ወሽመጥ በኩል ውኃ በመግፋት ከተማዋን አጥለቅልቋታል። ከዚህ በመነሳት የወሽመጡን መግቢያ የሚዘጉ ግዙፍ በሮችን ያካተተ የመከላከያ ዕቅድ የተነደፈ ሲሆን፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2022 ፈቃድ ሰጥቶታል።

ሳተላይት፣ ሬዳርና ኮምፒዩተር ባሉበት ዘመን የአውሎ ነፋስን አቅጣጫ ከቀናት በፊት መተንበይ ተችሏል። ትንበያ ሕይወት የሚያድነው ግን በወቅቱ ለሕዝብ ሲደርስ፣ ሕዝቡም ሲያምነውና የሚሸሽበት ሥፍራ ሲኖረው ነው። በ1900 ትክክለኛው ግምት በሃቫና ነበር፤ የግንቡም ሐሳብ ከ14 ዓመት በፊት በጋልቬስተን ቀርቦ ነበር። ከተማዋ ግንቡን የሠራችው በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቿን ከቀበረችና ካቃጠለች በኋላ ነው።